የአዋሽ ሸለቆ ባቡር ከሁለት ጫፎቹ ብቻ አይመዘንም፦ የምላሽ ጽሑፍ

ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ስለ ተዘረጋው የቀድሞው ምድር ባቡርና ስለ አዋሽ ሸለቆ ፋብሪካዎች ሰሞኑን የወጣውን ሰፊ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብሁት። ብዙ ሰው በረሳው ጉዳይ ላይ ብዕር ማንሣት በራሱ የሚያስመሰግን ነውና ጸሐፊውን ከልብ አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ በጽሑፉ ውስጥ እንደ ተረጋገጠ እውነት የቀረቡ አምስት አሳቦች አሉ። ባቡሩ ከመነሻው እስከ መድረሻው የፈረንሳይ ሥራ ነበር፤ የሸለቆውን ኢንዱስትሪ የወለደው ባቡሩ ነው፤ መስመሩ የአዋሽን ሸለቆ በሙሉ አገልግሏል፤ በመጨረሻም ዕድሜው ደርሶ በጭነት መኪና ተሸነፈ፤ አሁን አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ስለ ተካው የቀረው ሐዲድና ጣቢያ ከቁራጭ ብረት የተለየ ዋጋ የለውም ይላሉ። አንባቢ እነዚህን እንዳሉ ከተቀበላቸው ታሪኩን አጣምሞ ይይዛል ብዬ ስለምሰጋ በተነሡበት ቅደም ተከተል ልመልስባቸው ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አምስቱንም አሳቦች ከአንድ ሥር የሚያበቅላቸው አንድ ስሕተት አለ። ጸሐፊው መስመሩን የሚያዩት ከሁለት ጫፎቹ ማለትም ከለገሃርና ከጅቡቲ ወደብ ነው። የሸለቆው ሰው ግን ባቡሩን የሚያውቀው በመካከል በነበሩት ጣቢያዎች፣ በአቃቂ፣ በዱከም፣ በደብረ ዘይት፣ በሞጆ፣ በናዝሬት፣ በወለንጪቲ፣ በመተሐራና በአዋሽ ነው። አንድ ምድር ባቡር ለአንድ ሸለቆ ምን እንዳደረገለት ማወቅ የሚፈልግ ሰው መጠየቅ ያለበት እነዚህን ጣቢያዎች ነው።

የመጀመሪያው አሳብ «ባቡሩ የፈረንሳይ ሥራ ነበር፤ ኢትዮጵያ የተሰጣትን ተቀበለች» የሚለው ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 የፈቃዱን ውል የሰጡት ለፈረንሳይ መንግሥት ሳይሆን ለአማካሪያቸው ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ነው፤ ኢልግም ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዮን ሸፍኔ ጋር ኩባንያውን መሠረተ። የውሉ ዘመን 99 ዓመት ነበር፤ መስመሩም ከጅቡቲ ወደ ሐረር፣ ከሐረር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ ወደ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ ድረስ በሦስት ምዕራፍ እንዲዘረጋ የታሰበ ነበር። ይህ ዕቅድ የጅቡቲን ወደብ ብቻ ከሚመለከት ሰው አእምሮ አይወጣም፤ አገሩን ከዳር እስከ ዳር በብረት ሊያስተሳስር የሚፈልግ ንጉሥ ዕቅድ ነው። ሥራው በ1897 ጅቡቲ ላይ ተጀመረ። የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልተቻለ መስመሩ በቆላው በኩል ዞረ፤ በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ በደረሰበት ሜዳ ላይም መጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬዳዋ ተቆረቆረች።

ጸሐፊው ያለፉት ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው የፈረንሳይ መንግሥት በ1902 በድጎማ ስም ገብቶ በመስመሩ ላይ የመቆጣጠር ሥልጣን አገኘ። ምኒልክ በዚህ እጅግ ተቆጡ፤ ፈቃዱን የሰጡት ለኩባንያ እንጂ ለባዕድ መንግሥት አልነበረምና። ሥራው ድሬዳዋ ላይ ተገትሮ ቀረ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በ1906 ስለ ኢትዮጵያና ስለ ባቡሩ እርስ በርሳቸው ሲዋዋሉ የአገሪቱ ባለቤት የስምምነቱ ተካፋይ አልነበሩም። ኩባንያው በ1907 ከሰረ፤ በ1908 አዲስ ውል ለንጉሡ ሐኪም ለዶክተር ቪታሊየን ተሰጥቶ አዲስ ኩባንያ ሲቋቋም ብቻ ሥራው እንደገና ተንቀሳቀሰ። ሐዲዱ አቃቂ የደረሰው በ1915፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ 470 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ርቀት ለመጨረስ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል የፈጀው የመሬቱ አስቸጋሪነት ብቻ አይደለም፤ «ይህ መስመር የማን ነው?» የሚለው ክርክር ነው። የአዋሽ ሸለቆም ባቡሩን ለማየት እነዚያን ዓመታት መጠበቅ ነበረበት።

ገንዘቡ፣ የበላይ ባለሙያዎቹና የሥራው ቋንቋ የፈረንሳይ እንደ ነበሩ አልክድም፤ ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ፈረንሳይ በ1935 ከኩባንያው አክሲዮኖች ከፊሉን ለጣሊያን ስታስተላልፍ የኢትዮጵያን ፈቃድ አልጠየቀችም። ይህ ሁሉ የሚያሳየው የኢትዮጵያን አቅም ማነስ እንጂ የአሳቡን ባለቤትነት አይደለም፤ ጸሐፊው ሁለቱን አንድ አድርገዋቸዋል።

ወደ ሁለተኛው አሳብ ልለፍ፤ ብዙ መቆየት የምፈልገውም እዚህ ላይ ነው። «ባቡሩ መጣ፣ ፋብሪካው ተከተለ» ይላሉ። ዓመቶቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ይህን አባባል ያፈርሰዋል። ሐዲዱ በሸለቆው ውስጥ አልፎ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ፋብሪካ ማለትም የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1954 ነው። በመካከሉ ሠላሳ ሰባት ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት ባቡሩ ቡናና ቆዳ ወደ ጅቡቲ ያወርድ፣ አቡጀዲና ጨው ወደ ላይ ያመጣ ነበር። ወንጂ ግን ሜዳ ነበረ፤ መተሐራም የከረዩ ከብት የሚሰማራበትና የአዋሽን ውኃ የሚጠጣበት ቆላ ነበረ። ባቡር በራሱ ፋብሪካ የሚወልድ ቢሆን ኖሮ በ1920ዎቹ በወለደ ነበር።

ፋብሪካውን ያመጡት ሌሎች ምክንያቶች ናቸው። ኤች ቪ ኤ በሚል አጭር ስም የምናውቀው የሆላንድ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ፣ በተለይም በጃቫ፣ ሰፊ የስኳር እርሻ ነበረው። ኢንዶኔዥያ ነፃነቷን ስትቀዳጅ የኩባንያው ዘመን እዚያ ማብቃቱ ስለ ታወቀ አዲስ መሬት መፈለግ ጀመረ። በ1951 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ። የመረጠው ቦታ ከናዝሬት በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ አዋሽ የሚያጠጣው ሞቃት ሜዳ ነው። ሸንኮራ አገዳ ሙቀትና ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ውኃ ይፈልጋል፤ ከአዲስ አበባ ደጋ ወርዶ እነዚህን ሁለቱን የሚያሟላ የመጀመሪያው ሰፊ ሜዳ ይህ ነው። በ1960 የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ፤ የተሠራውም ጣሊያን ለጦር ካሣ በከፈለችው ገንዘብ ነው። ግድቡ በክረምት የሚሞላውንና በበጋ የሚጎድለውን ወንዝ ልኩን አስያዘው፤ መብራትም ሰጠ። ከእሱ በታች አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት የተባሉት የመብራት ኃይል ማመንጫዎች በ1966ና በ1971 ተከተሉ። ከስኳር ፋብሪካዎቹም ወንጂ ሸዋ በ1962፣ መተሐራ በ1969 ተጨመሩ። ይህን ሰንሰለት በቅደም ተከተል ያየ ሰው የሸለቆው ኢንዱስትሪ ወላጅ ወንዙ መሆኑን አይስትም፤ ባቡሩ አዋላጅ ነበር ቢባል እስማማለሁ። የአዋላጅነት ሥራውም ቀላል አይደለም፤ የባሕር በር የሌለው ሸለቆ ከወደብ ጋር በሐዲድ መገናኘቱ ለማንኛውም ባለሀብት የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ነበረና።

የሠራተኛውንም ጉዳይ እናንሣ። የወንጂን አገዳ ከቆረጡት መካከል ብዙዎቹ ከከምባታና ከሐዲያ የመጡ ናቸው። በባቡር አልመጡም፤ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሐዲድ አልነበረምና። በ1960ዎቹ ከናዝሬት ወደ ዲላ ሊዘረጋ የታሰበው መስመር ተጠንቶና ተወርቶለት በወረቀት ላይ ቀርቷል። ያ መስመር ቢዘረጋ ኖሮ የሲዳማንና የጌዴኦን ቡና እስከ ሸለቆው አምጥቶ ሞጆንና ናዝሬትን እውነተኛ መገናኛ ባደረጋቸው ነበር፤ «ባቡሩ የሸለቆው አባት ነው» የሚለው የጸሐፊው አባባልም ያኔ ትንሽ በቀረበ ነበር። ፋብሪካዎቹና ባቡሩ በእርግጥ የተገናኙበት አንድ ቦታ ካለ የሠራተኛ ማኅበር ነው። የምድር ባቡር ሠራተኞች ከ1940ዎቹ ጀምሮ፣ የወንጂ ሠራተኞችም ከፋብሪካው መጀመሪያ ዓመታት ጀምሮ ተደራጅተዋል፤ በ1963 የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የተገኙት ከወንጂ ነው። ጸሐፊው ስለ ማሽንና ስለ ቶን ብዙ ብለው ስለዚህ አንዲት ዐረፍተ ነገር አለመጻፋቸው አሳዝኖኛል።

ስለ መሬቱም እንዲሁ። ፋብሪካው ባዶ መሬት ላይ እንደ ተተከለ አድርገው ጽፈዋል። የመተሐራ የአገዳ እርሻና ከእሱ አጠገብ በ1960ዎቹ የተከለለው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የከረዩን የበጋ ግጦሽና የውኃ መውረጃ ወስደዋል። ሐዲዱም በተዘረጋበት ዘመን በምሥራቅ በኩል የኢሳ ጎሣዎች መሬታችን ተቆረሰ ብለው መውጋታቸው የታወቀ ነው። የሸለቆውን ኢንዱስትሪ ታሪክ ሲጽፉ ቀድሞ የነበረውን ባለ መሬት መዝለል ሒሳቡን ያጎድለዋል።

በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትንም ልመስክር። ድሬዳዋ ፍጹም የባቡር ልጅ ናት፤ የባቡር መጠገኛዋ፣ ቀጥ ባለ መንገድ የተቀየሰው የከዚራ ሰፈር፣ በጣሊያን ዘመን የተተከሉት የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ሐዲዱን ተከትለው መጥተዋል። አቃቂም ከባቡሩና ከአውራ ጎዳናው መካከል ያደገች የፋብሪካ ሰፈር ናት። ነገር ግን ድሬዳዋ ከአዋሽ ወንዝ ርቃ በምሥራቅ ያለች ከተማ ናት፤ ለድሬዳዋ የሚሠራውን ማስረጃ አንሥቶ ለወንጂና ለመተሐራ ማዋል አይቻልም።

ሦስተኛው አሳብ መስመሩ «የአዋሽን ሸለቆ በሙሉ» አገለገለ የሚለው ነው። ካርታ ቢዘረጉ ይህ አይጻፍም ነበር። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ይነሣል፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባቡሩ ከወንዙ ጋር የሚቀራረበው በላይኛው ክፍል ነው። በሞጆና በናዝሬት አልፎ፣ በወለንጪቲና በመልካ ጂሎ ወደ ቆላው ወርዶ፣ የፈንታሌ እሳተ ገሞራ የተፋውን ጥቁር ድንጋይ አቋርጦ መተሐራ ይደርሳል፤ ከዚያም አዋሽ ላይ ወንዙ በጠረበው ጥልቅ ገደል ላይ በብረት ድልድይ ይሻገራል። ከድልድዩ ወዲያ ሁለቱ ይለያያሉ። ሐዲዱ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በሚኤሶ፣ በአፍደምና በኤረር ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል፤ ወንዙ ወደ ሰሜን ታጥፎ በአሚባራ፣ በገዋኔ፣ በዱብቲና በአሳይታ ይፈስሳል። ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ ጣቢያ ያለው ሐዲድ 250 ኪሎ ሜትር አይሞላም።

ስለዚህ ከአዋሽ ጣቢያ በታች ያለው የሸለቆው ክፍል ሐዲድ በአጠገቡ አልነበረውም። በ1961 የተቋቋመው የተንዳሆ እርሻ ጥጡን ያወጣው በመንገድ፣ በአሰብ በኩል ነው። በ1962 የተቋቋመው የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ወንዙን ከላይ እስከ ታች እንደ አንድ ሀብት ሲያስብ፣ ባቡሩ ግን ከዚያ ሀብት የሚነካው የላይኛውን ክፍል ብቻ ነበር። ጸሐፊው የመካከለኛውንና የታችኛውን አዋሽ የጥጥ እርሻዎች ለባቡሩ ውጤት ማስረጃ አድርገው መጥቀሳቸው ከባድ ስሕተት ነው፤ እርሻዎቹ ያደጉት ባቡሩ ስለ ነበራቸው ሳይሆን ባቡሩ ሳይኖራቸው ነው።

አራተኛው አሳብ «ባቡር አረጀ፣ መኪና መጣ፣ መኪና አሸነፈ» የሚለው ነው። ይህ ለሰሚ ጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን ባቡሩ በሕመም አልሞተም፣ በእርጅናም አልሞተም። አንድ በአንድ ቀን ሊቆረጥላቸው የሚችሉ ውሳኔዎችና አደጋዎች አዳከሙት።

የመጀመሪያው የአሰብ መንገድ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1936 መጀመሪያ በዚሁ ባቡር ወደ ጅቡቲ ከሄዱ በኋላ አገሩን የያዘችው ጣሊያን በፈረንሳይ ወደብ ላይ መንጠልጠል ስላልፈለገች ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አሰብ አውራ ጎዳና ሠራች። መንገዱ የተሠራው ሆን ተብሎ ባቡሩን ለመተካት ነው። ከነፃነት በኋላ፣ በተለይም ኤርትራ በ1952 በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች ወዲህ፣ የኢትዮጵያ መንግሥትም በራሱ ምክንያት ወደ አሰብ ዘነበለ፤ የራሱ የሆነ ወደብ ነበረና። ይህን ምርጫ ስሕተት ነው ለማለት አልደፍርም። በ1961 አሰብ ተስፋፋ፤ በ1967 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የነዳጅ ማጣሪያ ተተከለበት። ማጣሪያው የት እንደ ተተከለ ማየት ብቻውን ብዙ ያስረዳል፤ ነዳጁ አሰብ ላይ ከተጣራ ወደ መሀል አገር የሚወጣው በቦቴ መኪና ነው፤ ለባቡር ከሚመቹት ጭነቶች አንደኛው በአንድ ውሳኔ ከሐዲዱ ወረደ።

ሁለተኛው ጦርነት ነው። በ1977 የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን ሲገባ ድልድዮች ፈረሱ፣ ባቡሩ ለብዙ ወራት ቆመ። ጭነት አንድ ጊዜ ወደ ሌላ መንገድ ከሄደ በቀላሉ አይመለስም፤ ነጋዴው መኪና ገዝቶ፣ ሹፌር ቀጥሮ፣ መጋዘኑን አሰብ አድርጎ ጨርሷልና። መስመሩ ሲከፈት ደንበኛው ሄዷል። በ1981 ኢትዮጵያና ጅቡቲ እኩል ባለቤት የሆኑበት አዲስ ድርጅት ተቋቋመ፤ ሁለት ባለቤት ያለው፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ መለዋወጫ የሚጠብቅ ድርጅት ምን ያህል እንደሚቸገር ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሦስተኛው የጥር 1985 አደጋ ነው። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረው ፈጣን ባቡር አዋሽ አጠገብ በመታጠፊያው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከሐዲዱ ወጥቶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ከታዩት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ጸሐፊው ይህን አደጋ የባቡሩ እርጅና ምልክት አድርገው ጠቅሰውታል። እኔ ግን በሌላ ዐይን ነው የማየው። ያ መታጠፊያ ባቡሩ ከተዘረጋበት ጊዜ አንሥቶ እዚያው ነበረ፤ ባቡር በዝግታ እንዲያልፈው የሚያዝ ደንብም ነበረ። የጎደለው የሐዲዱ ወጣትነት ሳይሆን ደንቡን የሚያስከብር ሰውና ሥርዓት ነው።

አራተኛው ምክንያት ከሁሉ የበለጠ የሚያንገበግበኝ ነው። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብ በአንድ ቀን ለኢትዮጵያ ተዘጋ፤ የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ ከሞላ ጎደል ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ባቡሩ ለዐርባ ዓመት ሲናፍቀው የኖረው ጭነት ተመለሰ ማለት ነው። የመኪና የበላይነት የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ወደቡ ጅቡቲ፣ ሐዲዱም ወደ ጅቡቲ ነበርና። ነገር ግን ያን ጊዜ ሐዲዱ ተበላሽቷል፣ ሎኮሞቲቮቹ ያለ መለዋወጫ ቆመዋል። ጭነቱ በገላፊ በኩል በተሳቢ መኪና አለፈ። በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተጀመረው የጥገና ሥራ ዘግይቶ መጣ፣ ሳይጠናቀቅም ቀረ፤ በ2000ዎቹ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ጨርሶ ቆመ። ባቡሩ የቆመው ጭነት አጥቶ ቢሆን ኖሮ ጸሐፊው ትክክል ይሆኑ ነበር። የቆመው ግን ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ጭነት በታሪኩ አይቶት በማያውቀው መጠን በበዛበት ዘመን ነው።

በዚህ መካከል መሬቱ ራሱ የጨመረውን ችግር ጸሐፊው አላነሡትምና ልጥቀሰው። መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ሐይቅ በ1960ዎቹ ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የነበረ ሲሆን ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ሄዶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር አልፏል። ውኃው ጨዋማ ነው፤ አገዳውንም፣ አውራ ጎዳናውንም፣ ሐዲዱንም ይጋፋል። በቀድሞው ባቡር ያለፈ ሰው ያስታውሰዋል፤ በመስኮቱ በሁለቱም በኩል ውኃ፣ ከውኃው የወጣ ጥቁር ድንጋይ፣ ደርቀው የቆሙ የግራር ግንዶች፣ ከሥር ደግሞ በጠጠር ከፍ ብሎ የተሠራ ጠባብ ድልድል ይታያል፤ ባቡሩ በውኃ ላይ የሚሄድ ይመስላል። ያን ድልድል ዓመት በዓመት ከፍ እያደረጉ መስመሩን ያቆዩት በየክፍሉ የተመደቡ የሐዲድ ጠጋኞች ናቸው። ስለ እርጅና ከመናገር በፊት የእነሱን ድካም ማወቅ ይገባል።

የመጨረሻው አሳብ አዲሱ መስመር የቀድሞውን «ሙሉ በሙሉ ተክቷል» የሚለው ነው። በአዲሱ መስመር ላይ ቅሬታ የለኝም፤ የኩራት ሥራ ነው። በጥቅምት 2016 ተመርቆ በጥር 2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ይህ መስመር በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ የሐዲዱ ስፋት እንደ ቀድሞው አንድ ሜትር ሳይሆን 1.435 ሜትር ነው፤ ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቀድሞው ባቡር በመጀመሪያ ዘመኑ በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ አዲሱ ግን ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ኮንቴይነር ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ማምጣት የቀድሞው መስመር ሊያልመው የማይችል ሥራ ነው። በዚህ ሁሉ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ነገር ግን «ተካ» የሚለው ቃል ቀድሞ የነበረው ሥራ ሁሉ ዛሬም ይሠራል ማለት ነው። አዲሶቹ ጣቢያዎች ከከተሞቹ መሀል ወጥተው ተሠርተዋል፤ የአዲስ አበባው ለቡ ላይ ነው፤ የአዳማና የድሬዳዋ መንገደኛም ጣቢያ ለመድረስ መጀመሪያ መኪና መያዝ አለበት። የመንገደኛው ባቡር የሚቆምባቸው ቦታዎችም ከቀድሞው ጋር ሲተያዩ ጥቂት ናቸው። ይህ ለረጅም መንገድ ተጓዥና ለኮንቴይነር ባለቤት ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን ይችላል። ከወለንጪቲ ወደ ናዝሬት ሽንኩርት ይዛ ለምትሄድ ሴት ግን ያ ባቡር የለም።

ይህን የምለው ከወሬ አይደለም፤ ልጅነቴን ያሳለፍሁት ወለንጪቲ ነው። ከጣቢያው በረንዳ አጠገብ በሽቦ የተንጠለጠለ ቁራጭ ሐዲድ ነበረ። ባቡሩ ካለፈው ጣቢያ መነሣቱ በስልክ ሲነገር የጣቢያው ሠራተኛ ያን ቁራጭ በብረት ዘንግ ይመታዋል፤ ድምፁ እስከ ገበያው ይሰማ ነበር። ድምፁን የሰማች ሴት ቅርጫቷን አንሥታ ትሮጣለች፤ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቆሎ፣ በጀሪካን ውኃ፣ በወቅቱ ሐብሐብ። ባቡሩ የሚቆመው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በመስኮቱ ገንዘቡ ይወርዳል፣ ዕቃው ይወጣል፤ መልሱን ሳትሰጥ ባቡሩ ከተንቀሳቀሰ እየሮጠች ትወረውራለች። እናቴ የእኔን የትምህርት ቤት ደብተር የገዛችው በዚያ ጥቂት ደቂቃ በምታገኘው ገንዘብ ነው። በየጣቢያው እንዲህ የኖረውን ሰው ብዛት የሚያሳይ ቁጥር በኩባንያው የጭነት ሒሳብ ውስጥ አይገኝም፤ ምክንያቱም ሒሳቡ የሚመዘግበው ከጅቡቲ የተጫነውንና አዲስ አበባ የወረደውን ነው። ጸሐፊው «በመካከሉ ያሉት ጣቢያዎች ከጠቅላላው ገቢ ኢምንት ድርሻ ነበራቸው» ብለው የጻፉት በገቢ ረገድ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለሸለቆው ኑሮ መለኪያ ግን አይሆንም።

ስለዚህ «ቅርስ ከተባለ የለገሃር ሕንፃ ይበቃል» በሚለው ምክራቸው አልስማማም። በ1929 የተመረቀው የለገሃር ጣቢያ የተከበረ ሕንፃ ነው፤ መጠበቁም ደግ ነው። ግን ለገሃር መስመሩ የሚያበቃበት ነው። ስለ ሸለቆው የሚናገረው ከአዳማ እስከ አዋሽ ያለው ክፍል ነው፤ የወለንጪቲና የመተሐራ ጣቢያዎች፣ የበሰቃው ድልድል፣ የአዋሹ የብረት ድልድይ፣ መንገደኛው ያድርበት የነበረውና ዛሬም በአዋሽ ጣቢያ እንግዳ የሚቀበለው ቡፌ ደ ላጋር ማለት ነው። ይህ ክፍል ለቁራጭ ብረት ከመሸጡ በፊት ምን እንደ ቀረ፣ በምን ሁኔታ እንዳለ፣ የትኛው ጣቢያ ለትምህርት ቤት ወይም ለገበያ ሊውል እንደሚችል፣ የአካባቢው አስተዳደርና የከተሞቹ ነዋሪዎች ባሉበት ይመዝገብ።

ጸሐፊው ተከታይ ክፍል እንደሚጽፉ ቃል ገብተዋል። ከመጻፋቸው በፊት አዋሽ ጣቢያ አንድ ሌሊት ቢያድሩና በማግሥቱ ጠዋት ከጡረተኞቹ የምድር ባቡር ሠራተኞች ጋር ሻይ ቢጠጡ እመኛለሁ። በፈረንሳይኛ ቃላት የተሞላ አማርኛቸውን እየሰሙ፣ በየትኛው ኪሎ ሜትር ላይ የትኛው ድልድይ በየትኛው ዓመት እንደ ተጠገነ ከቃላቸው ቢመዘግቡ፣ ከለገሃርና ከጅቡቲ መዝገብ የማያገኙትን ታሪክ ያገኛሉ። እነዚህ ሰዎች ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጉዞው ለሚቀጥለው ዓመት ባይተላለፍ መልካም ነው።